የነዳጅ ፓምፕ ጩኸትና የመካነ ሰላም መንገድ መካኒኮች

የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ነገሥታት ዘመቻ፣ ስለ ገዳማት ምሥረታና ስለ ግዛት ወሰን ብዙ ጽፈው አቆይተውልናል፤ ነገር ግን ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ፣ በአቀስታ በኩል የለጋምቦን ደጋ አቋርጦ፣ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መካነ ሰላም የሚገባውን አሮጌ የጭነት መኪና ዘመን ከዘመን ማን እንዳኖረው፣ በምን ጥበብ እንዳኖረው፣ ያም ጥበብ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እንዴት እንደተላለፈ የሚተርክ ጽሑፍ ሊፈልግ የተነሣ ሰው ብዙ ደክሞ ጥቂት ይዞ ይመለሳል። እኔም የመካኒክነትን ታሪክ በሙሉ ልጽፍ አልተነሣሁም፤ ከመኪናው አካላት ሁሉ አንዱን ትንሽ ዕቃ፣ ነዳጁን ከሳልባትዮው ስቦ ወደ ሞተሩ የሚያደርሰውን ፓምፕ ብቻ መርጬ፣ እርሱ በሚጮኽበት ጊዜ የጩኸቱን ምክንያት በጆሮ ለይቶ ማወቅ በዚህ አገር እንዴት እንደተጀመረና እንዴት እንዳደገ ላስረዳ አስቤአለሁ። ይህን መምረጤም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መካኒኮቹ ከብዙ ዘመን ልምድ በኋላ የደረሱበት ፍርድ፣ ማለት የሚጮኸው ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የታመመ ሳይሆን የሌላውን አካል ሕመም የሚናገር ነው የሚለው ፍርድ፣ ከመንገዱ፣ ከነዳጁና ከድኽነታችን ታሪክ ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ ነው።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከተማይቱ 2600 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ በአንድ ወገን ቁመቱ ከ3900 ሜትር የሚበልጠውን የአምባ ፈሪትን ተራራ፣ በሌላው ወገን የዓባይን ቆላ ታያለች፤ ከሳይንት ባሻገር ደግሞ የበሽሎ ሸለቆ አለ። ይህ አገር የሊቃውንት አገር ነው፤ መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰው አባ ጊዮርጊስ ስሙን የወረሰው በዚሁ ምድር ካለው ከጋስጫ ሲሆን፣ በሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያምም ከአገሪቱ ጥንታውያን አድባራት ጋር የምትቈጠር ናት። በዚህ ምድር ትምህርት ለረጅም ዘመን የገባው በጆሮ በኩል ነበረ፤ የዜማው ተማሪ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ያጠናል፣ ዜማውን የሳተ እንደ ሆነ መምህሩ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ያርሙታል፤ በእስልምናውም ወገን የወሎ መንዙማ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ከእንዲህ ያለ ኅብረተሰብ የወጣ ልጅ ጋራዥ ገብቶ የሞተር ድምፅ እንዲለይ በታዘዘ ጊዜ፣ ድምፅን በዕዝነ ልቡና መያዝ ለእርሱ እንግዳ ነገር አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህ እምነቴ የጽሑፍ ማስረጃ ባላቀርብም፣ የጋራዡንና የጉባኤ ቤቱን ትምህርት አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው ይህን ዝምድና ሳያስተውል አይቀርም።

መንኰራኵር ወደ ምዕራብ ወሎ ደጋ መጀመሪያ የገባው በመኪና አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖል የተሰኘ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፣ ሠራዊቱ ድንጋዩን እየፈለጠ፣ ገደሉን እየናደ፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ እየወረደና እየወጣ በየዕለቱ መንገድ ያበጅ ነበረ። መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ለብዙ ዓመታት የዚህ አገር ጭነት ሁሉ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ሆኖ፣ ሲራራ ነጋዴው አሞሌ ጨውን፣ ቡናንና ሸማን ይዞ ከገበያ ወደ ገበያ ሲመላለስ ኖረ። አዲስ አበባ የመጀመሪያዋን መኪና ያየችው በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ በኩል በብዙ ድካም ይዞ በገባ ጊዜ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክም በአዲሱ ነገር እጅግ ተደስተው እንደ ነበረ ይነገራል። ደሴ ግን በመኪና ዘመን ትልቅ ከተማ የሆነችው በኋላ ነው፤ ጠላት ኢጣልያ አገራችንን በያዘባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ከአዲስ አበባ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚወጣውና ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ለከባድ ጭነት እንዲበቃ ሆኖ ተሠራ። ይህ መንገድ በግፍ ዘመን በግፈኛ እጅ ለግፍ ዓላማ የተሠራ ቢሆንም፣ ከነጻነት በኋላ ግን የወሎ ንግድ ሁሉ የሚመላለስበት የደም ሥር ሆነ፤ የምዕራቡ ደጋም መኪናን ያገኘው ከዚሁ ግንድ በተቀጠለ ቅርንጫፍ ነው።

ጠላት ሲወጣ ሁለት ነገር ትቶ ሄደ፤ አንደኛው ላንቺያና ፊያት የተባሉት የጭነት መኪኖች ሲሆኑ፣ ሁለተኛው እነዚህን መኪኖች ለመፍታትና ለመግጠም የሚችሉ፣ በጃንሆይ ምሕረት አገር ውስጥ የቀሩ ኢጣልያውያን መካኒኮች ነበሩ። ካቻቢቴና ፒንሳ ማቀበል፣ ዕቃ በናፍታ ማጠብ፣ ቡሎንና ዳዶ በየመጠኑ መለየት የመጀመሪያው ደረጃ ሆኖ፣ ብዙ የኢትዮጵያ ልጅ በእነዚህ ሰዎች እግር ሥር ተማረ። በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሲከፈት የእጅ ጥበብ በመደበኛ ትምህርት መልክ መሰጠት ጀመረ፤ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ ብድር ተገኝቶ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመና፣ ጥርጊያው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ጠጠር መንገድነት ይለወጥ ጀመር። ሆኖም ለምዕራብ ወሎ ደጋ መካኒክ እውነተኛ ትምህርት ቤቱ ጋራዡ፣ ከጋራዡም ይልቅ መንገዱ ነበረ፤ ዳገቱ መካከል የቆመ መኪና፣ ጭነቱ እህል፣ ሹፌሩ የተጨነቀ፣ ሌላ ዕቃ የማይገኝበት ቦታ፣ ይህ ሁሉ ሰውን የግድ እንዲያስብ ያስተምረዋል።

አሁን ወደ ፓምፑ ልመለስ። ጥንት በመኪና ላይ የነዳጅ ፓምፕ የሚባል ነገር አልነበረም። ፎርድ ሞዴል ቲ በተባለው መኪና ሳልባትዮው ከሹፌሩ መቀመጫ በታች ሆኖ፣ ቤንዚኑ በገዛ ክብደቱ ወደ ካርቡራተሩ ይወርድ ነበረ፤ ስለዚህም ነዳጁ ጐደል ያለ እንደ ሆነ በትልቅ ዳገት ላይ የሞተሩ ቦታ ከሳልባትዮው ከፍ ይልና ቤንዚኑ መድረስ ስለማይችል፣ ሹፌሮች መኪናውን አዙረው ዳገቱን በኋላ ማርሽ ይወጡት ነበር። ይህ ዘዴ ያለ ድምፅና ያለ ብልሽት የሚሠራ ቢሆንም፣ መኪናው እየከበደና ሳልባትዮው ወደ ኋላ እየራቀ ሲሄድ መሳቢያ ማስፈለጉ የማይቀር ሆነ። እንዲህ ሆኖ የመጣው፣ ዲያፍራም በተባለ የላስቲክ ሽፋን የሚሠራው ፓምፕ ነው፤ ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ዘንግ አንዲት ክንድ እየገፋ ሽፋኑን ወደ ታች ይስበዋል፣ ከሥሩ ያለው ሞላ ደግሞ ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ እንደ አንጥረኛ ወናፍ አንድ ጊዜ እየሳበ አንድ ጊዜ እየተፋ ቤንዚኑን ወደ ካርቡራተሩ ያቀብላል። ግፊቱ እጅግ ትንሽ፣ ከ0.2 እስከ 0.4 ባር የሚደርስ ብቻ ነው። የዚህ ፓምፕ ድምፅ ለሰለጠነ ጆሮ ቀላል ነው፤ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር አብሮት የሚፈጥን ደረቅ ኳኳታ ከጐኑ የተሰማ እንደ ሆነ ክንዷ ተበልታለች ወይም ሞላዋ ተሰብራለች ማለት ነው፤ ድምፅ ሳይኖር ኃይል ከጠፋና የሞተሩ ዘይት ቤንዚን ቤንዚን እያለ መጠኑ ከፍ ካለ ደግሞ ሽፋኑ ተቀዶ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ እየፈሰሰ ነው፤ ይህ ሁለተኛው ያለ ድምፅ የሚመጣ ስለ ሆነ ከሁሉ የከፋ ነው፣ የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ውስጥ ውስጡን ይበላዋልና።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣውና የዚህን አገር መካኒክ ጆሮ ከሁሉ ይልቅ ያሰለጠነው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ዓለም ያየው ላንድሮቨር ነው። የመጀመሪያዎቹ ላንድሮቨሮች ኤስ ዩ የተባለ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ነበራቸው፤ ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ ጠቅ ጠቅ እያለ ካርቡራተሩን ይሞላና፣ የሞላ ጊዜ ድምፁን ቀስ እያደረገ ያቆማል። እንግዲህ ይህ ድምፅ ንግግር ነበረ ብል አላጋነንሁም። ሳያቋርጥ በፍጥነት ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ የሚስበው ቤንዚን ሳይሆን አየር ነው፤ ወይ ሳልባትዮው ባዶ ሆኗል፣ ወይ ከሳልባትዮው እስከ ፓምፑ ባለው ቱቦ ላይ አንድ ማሰሪያ ላልቷል። መኪናው ቆሞ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ በየጥቂት ሰኮንዱ አንድ ጊዜ ጠቅ የሚል ከሆነ የካርቡራተሩ መርፌ በደንብ አይዘጋም። ጨርሶ ዝም ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ መገናኛ ተቃጥሏል፤ ያን ጊዜ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርገው አንድ ሁለት ጊዜ ቢመቱት ይነሣና ቀኑን ሙሉ ሊሠራ ይችላል። ይህ መምታት ላላዋቂ ሰው ሞኝነት ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን በትክክል የታወቀ ምክንያት ያለው ነው፣ የተጣበቀው መገናኛ በመናወጡ ይላቀቃልና።

ወደ ጥበቡ ልብ ስንገባ፣ የዚህ መንገድ ታላላቅ መካኒኮች ፓምፕ ሲጮኽ የሚመረምሩበት ሥርዓት የመጻሕፍት መምህራን አንድን ንባብ በአንድምታ የሚተረጕሙበትን ሥርዓት ይመስላል፤ አንድ ድምፅ ይሰማል፣ ትርጓሜው ግን ብዙ ነው፣ መምህሩም ሁሉንም እየዘረዘረ እውነተኛውን በምልክቱ ይለያል። ከመፍታት በፊት መጠየቅ ይቀድማል። ሹፌሩ ሽማግሌ ከሆነ በአንቱታ፣ «መቼ ጀመረው? ሽቅብ ሲወጣ ነው ቁልቁል ሲወርድ? ነዳጁን ከየት ቀዱት? ከቀዱ በኋላ ነው ከመቅዳትዎ በፊት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ የመጣ ጩኸትና ለብዙ ወር እያደገ የመጣ ጩኸት አንድ እንዳልሆኑ ያውቃልና። ከዚያ ወደ ሳልባትዮው ሄዶ ክዳኑን ቀስ ብሎ ይከፍታል፣ ጆሮውንም ያስጠጋል። በዚህ ጊዜ አየር «ስስስ» እያለ ወደ ውስጥ ሲገባ የተሰማ እንደ ሆነ ፍርዱ ተገኘ፤ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራና በጭቃ ተደፍኖ፣ ነዳጁ በወጣ መጠን አየር ስለማይገባ፣ ፓምፑ ከባዶ ጋር እየታገለ ነበር ማለት ነው። በመርፌ ቢጠርጉት ጩኸቱ ያበቃል። አንድ ብር ያልወጣበት ይህ ሥራ ስንት ደኅና ፓምፕ በከንቱ ከመጣል እንዳዳነ ሳስብ፣ ለእነዚያ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ይበልጥብኛል።

በክዳኑ ካልሆነ፣ አንድም ፊልትሮው ተደፍኖ ነው ይላል። የዚህን ትርጓሜ ለማስተዋል የነዳጁን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1959 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ ሥራ ከጀመረ ጀምሮ፣ የወሎ ነዳጅ በቦቴ ተጭኖ የአፋርን በረሓ አቋርጦ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ይወጣ ነበረ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ወደ ምዕራቡ ደጋ የሚሄደው በበርሜል ነው፤ በርሜሉ ደግሞ በክረምት ዝናብ ውሃ፣ በበጋ አቧራ፣ በዘመኑ ብዛት ዝገት ይገባበታል። ጠንቃቃ ሹፌር ነዳጁን በጨርቅ አጥልሎ ያስገባ ነበር፤ የማይጠነቀቀው ግን ከበርሜሉ ግርጌ ያለውን ሁሉ ወደ ሳልባትዮው ይገለብጣል። ማጣሪያው በ1989 ዓ.ም. ከተዘጋና ከዚያም አሰብ ራሱ ከኢትዮጵያ ንግድ ከተለየ በኋላ፣ ነዳጁ የሚመጣው ከጅቡቲ ቢሆንም፣ በርሜሉና ጀሪካኑ አልቀሩም፤ ዛሬም ማደያ በራቀበት ወይም ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ ቤንዚን በየመንገዱ ዳር በፕላስቲክ ዕቃ ሲሸጥ ይታያል። ስለዚህ ፊልትሮ መመልከት ለዚህ አገር መካኒክ በየዕለቱ የሚደርሰው ጸሎት ያህል የተለመደ ነበረ፤ ፊልትሮው የተደፈነ ከሆነ የፓምፑ ድምፅ ዳገት ላይ፣ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ በሚጠይቅበት ጊዜ ይጠናል፣ ሜዳ ላይ ግን ይቀንሳል፤ ምልክቱ ይህ ነው።

አንድም ነዳጁ ተንኖ ነው። ይህ ትርጓሜ የዚህ ምድር ልዩ ትርጓሜ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት እወዳለሁ። በመካነ ሰላም ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ግፊት ሩብ ያህል ይጐድላል፤ ውሃም በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቤንዚንም እንደዚሁ በቀላሉ ይተናል። አሁን አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ከዓባይ ቆላ ሙቀት ተነሥቶ፣ ሞተሩ ግሎ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ዳገቱን ሲያያዘው እንመልከት፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየሩ ቢቀዘቅዝም ግፊቱ እየቀነሰ፣ ሞተሩ ግን እየጋለ ይሄዳል፤ በመካከሉ በጋለው ቱቦ ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ እንፋሎት ይለወጥና፣ ፓምፑ እንፋሎት መግፋት ስለማይችል በከንቱ እየተንኳኳ መኪናው ይቆማል። ይህን ያላወቀ ሰው ፓምፑ ሞተ ብሎ ይፈታዋል፤ ፈትቶ ሲገጥመውም ጊዜ አልፎ ሞተሩ በርዷልና ይነሣለታል፣ እርሱም አዳንሁት ብሎ ያምናል። የሚያውቀው ግን በፓምፑና በቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ፣ ሹፌሩን አረፍ በል ብሎ፣ ራሱም ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ማን የበለጠ እንደ ሠራ ለመፍረድ አልቸገርም፤ የተቀመጠው ነው።

የቱቦውን አየርና የጐደለውን ነዳጅ አስቀድሜ ስላነሣሁ አልደግመውም። ፓምፑ የታሰረበት ቡሎን ሲላላ ደግሞ አካሉ ሁሉ እየተርገፈገፈ ጩኸቱን ስለሚያጐላው፣ መካኒኩ በእጁ አጥብቆ ይዞ ድምፁ መለወጡን ያዳምጣል። ይህ ሁሉ ተመርምሮ ምንም ካልተገኘ ብቻ የካቻቢቴውን ጫፍ በፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ፊት ባለው አጥንት ላይ አድርጎ፣ የውስጡን መፋጨት ከሌላው የሞተር ድምፅ ለይቶ ይሰማል፤ ያን ጊዜም ፓምፑ ራሱ አርጅቷል የሚለውን የመጨረሻውን አንድም ይናገራል።

ይህ ፍርድ ለምን መጨረሻ ላይ ሆነ? እኔ እንደሚመስለኝ ከመጽሐፍ የተገኘ ሳይሆን ከዕቃ እጦት የተወለደ ነው። አዲስ ፓምፕ ለማግኘት ደሴ፣ ደሴም ከሌለ አዲስ አበባ መላክ በሚያስፈልግበት አገር፣ ፓምፑን በከንቱ የኰነነ መካኒክ የሹፌሩን የብዙ ቀን እንጀራ ኰነነ ማለት ነው። በተለይም በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ ሲያጥርና መለዋወጫ ሲጠፋ ይህ ጥንቃቄ እጅግ ጠነከረ። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወሎን ባጠፋ ጊዜ እህል የጫኑ መኪኖች ቀንና ሌሊት ሲመላለሱ፣ የአንዱ መኪና መቆም የንብረት ጉዳት ብቻ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነበረ፤ ጭነቱን የሚጠብቀው ሕዝብ ቆሞ የሚቈይበት ጉልበት አልነበረውምና። የፓምፑ ሽፋን ከተቀደደና ምትክ ከጠፋ፣ ከጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቈርጠው ይገጥሙ ነበር፤ ይህ ላስቲክ በቤንዚን እያበጠ ብዙ እንደማይቆይ ቢያውቁም፣ መኪናውን እቤቱ ለማድረስ ይበቃል። ያም ካልሆነ ጀሪካን ከጣራው ላይ አስረው በቀጭን ቱቦ ወደ ካርቡራተሩ ያወርዱታል፤ በዚህ ጊዜ አሮጌው መኪና ከፓምፕ በፊት ወደ ነበረው ወደ ፎርድ ዘመን ሥርዓት ተመለሰ ማለት ነው። ይህ ዘዴ ለእሳት የሚያጋልጥ አደገኛ ነገር ስለ ሆነ ማንም እንዲከተለው አልመክርም፤ ግን መደረጉን መሰወርም ታሪክን ማጕደል ነው።

የናፍታ መኪና ድምፅ ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው ፊያት 682፣ ከእርሱም ወገን ሹፌሮች «ኤንትሬ» እያሉ የሚጠሩት፣ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ነግሦ ኖሯል። በዚህ መኪና ሁለት መሳቢያ አለ፤ ትንሹ ናፍታውን ከሳልባትዮው ስቦ ያቀብላል፣ ዋናው ፖምፓ ደግሞ በታላቅ ግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ ይረጨዋል። አየር የገባበት ፖምፓ ሞተሩን እያንገጫገጨ በመጨረሻ ያጠፋዋል፤ መካኒኩም የፊልትሮውን ቡሎን ላላ አድርጎ፣ የእጅ መግፊያውን እየተጫነ፣ አረፋው አልቆ ጥሩ ናፍታ እስኪፈስ ድረስ አየሩን ያስወጣል። ከዋናው ፖምፓ ውስጥ መግባት ግን የትንሽ ከተማ ጋራዥ ሥራ አልነበረም፤ መለኪያ መሣሪያ የሚያሻው ስለ ሆነ ተፈትቶ ወደ ትልቅ ከተማ ይላክ ነበር። ብልህ መካኒክ የእጁን ወሰን በዚህ ያውቃል።

ቤንዚን በኮምፒዩተር እየተለካ የሚረጭባቸው መኪኖች ሲመጡ፣ ፓምፑ ከሞተሩ ጐን ተነሥቶ ሳልባትዮው ውስጥ ገባ፤ ግፊቱም ወደ 3 ባር ከፍ አለ። ዛሬ በየከተማው የሚታየው ቶዮታ ቪትዝ ከነዚህ አንዱ ነው። ቁልፉ ሲከፈት ለሁለት ሰኮንድ ያህል የሚሰማው ቀጭን ድምፅ የጤና ነው፤ መኪናው ሲሄድ የማያቋርጥ ሲቃ ከኋላ መቀመጫ ሥር የተሰማ እንደ ሆነ ግን ምርመራ ያስፈልጋል። እዚህም የቀድሞው ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ ብቻ አንድ ነገር ተጨምሯል፣ ይህ ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በውስጡና በዙሪያው ባለው ቤንዚን ስለ ሆነ፣ ነዳጅ በጠፋበት ዘመን ሳልባትዮውን ባዶ ሊሆን እስኪደርስ የሚነዳ ሰው ፓምፑን ያቃጥለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ሳልባትዮውን ሞልቶ ማዳመጥ ነው፤ ጩኸቱ ከቀነሰ ምክንያቱ በከፊል ታወቀ። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ሲጀመርም ለአሮጌ መኪኖች አዲስ ትርጓሜ መጣ፤ ኢታኖል የቆየ ላስቲክን ያለሰልሳል፣ በሳልባትዮ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጋገረውንም እድፍ አላቅቆ ወደ ፊልትሮው ያመጣዋል።

በዚህ ዘመን ጆሮ ብቻ ይበቃል የሚሉ አንዳንድ ነባር መካኒኮች አሉ፤ በዚህ ነገር ከእነርሱ ጋር አልስማማም። ግፊቱን በመለኪያ ሳይለኩ፣ ወደ ፓምፑ የሚደርሰውን የኤሌክትሪክ ኃይል ሳያዩ መፍረድ፣ የዛገ የመሬት ሽቦ ያደከመውን ደኅና ፓምፕ ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። ጆሮ ይመራል፣ መለኪያ ይፈርዳል። ደግሞም የሰው ጆሮ ያረጃል፤ ዕድሜውን በሞተር አጠገብ ያሳለፈ ሰው አስቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፣ የሳልባትዮ ውስጥ ፓምፕ ጩኸትም ከዚያው ወገን ነው። በዚህ ምክንያት በአንዳንድ ጋራዥ የሚታየው የሥራ ክፍፍል ደስ ያሰኛል፤ ልጁ፣ «ጋሼ፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይቀጥናል፣ ሲለቁት ይወፍራል» እያለ የሰማውን ይናገራል፣ ታላቁም መዳፋቸውን በሳልባትዮው ላይ አኑረው ንዝረቱን እየመዘኑ ትርጓሜውን ይሰጣሉ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ ወደፊት የሚመጣው የኤሌክትሪክ መኪና የነዳጅ ፓምፕ የለውም። በምዕራብ ወሎ ደጋ ግን አሮጌዎቹ ላንድክሩዘሮች፣ አይሱዙዎችና ቅጥቅጥ አውቶቡሶች ገና ብዙ ዘመን ይመላለሳሉ፤ ከመካነ ሰላም ዓባይን በድልድይ ተሻግሮ ወደ ጉንደ ወይን የሚሄደው መንገድም የወሎንና የጎጃምን ሹፌሮች አገናኝቶ፣ የሁለቱን አገር መካኒኮች ልምድ ማቀላቀል ጀምሯል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በዚሁ በመካነ ሰላም ግቢ አለው። እንግዲህ ተማሪዎቹ ወደ ጋራዦቹ ወርደው፣ የእያንዳንዱን የታመመ ፓምፕ ድምፅ በስልካቸው ቀድተው፣ ከድምፁ ጐን መካኒኩ ከመፍታቱ በፊት የሰጠውን ፍርድ፣ ከፍርዱም ጐን ዕቃው ሲፈታ የተገኘውን እውነት በመዝገብ ቢያስቀምጡ፣ የመኪናውን ዓይነት፣ የቆመበትን ከፍታና ነዳጁ የተቀዳበትን ቦታም ቢጨምሩ፣ ሥራው የሚጠይቀው ደብተርና ትዕግሥት ብቻ ነው። የተሳሳተውም ፍርድ አብሮ ይጻፍ፤ ነባሮቹ መካኒኮች ገና በሕይወት ሳሉ የት እንደ ሳቱና ለምን እንደ ሳቱ ራሳቸው ሊያስረዱ ይችላሉ።